ጅብ ያየው ምንጭ

አንድ ጊዜ አህያው ጫኔ ከተረቱ መሐል ደርሶ ዝም አለ።

የሚተርተው፣ ነፋስ የሚያድርበትን ቤት ሊፈልግ ስለወጣ አንድ በሬ ነበር። የተረቱ በሬ ኮረብታ ጫፍ ላይ ወጥቶ ቁልቁል ሲመለከት፣ እዚያ ላይ ጫኔ አቆመ። ያቆመው ረስቶ አይደለም። አጠገቡ የተኛው ወዳጁ ቦራ «ከዚያስ?» እስኪለው እየጠበቀ ነው። ቦራም በሬ ነው፤ ሸምግሏል። የበሬ ተረት ይወዳል።

በዚያ ሸለቆ የቆየ ልማድ አለ። ተራች ብቻውን አይተርትም። ትንሽ ይናገርና ይቆማል፤ ሰሚው «ከዚያስ?» ሲለው ይቀጥላል። «ከዚያስ?» ያልተባለለት ተረት በቆመበት ይቀራል። ለሌላ ሰሚም አይነገርም። ያቋረጠው ራሱ መጥቶ እስኪያስቀጥለው ድረስ «የቆመ ተረት» ይባላል።

ጫኔ ጠበቀ። ዝንቦቹ በቦራ ዓይን ዳርና ዳር ተሰልፈዋል፤ ቦራ ግን ጆሮውን እንኳ አላራገፈም። አገጩ ሥር እብጠት ተንጠልጥሏል፤ ግማሽ የሞላ አቅማዳ ይመስላል። የጎኑ አጥንት ከሩቅ ይታያል። ሆዱ ብቻ ነው የተነፋው።

«ቦራ፣ ትሰማኛለህ?»

ቦራ ዓይኑን ገለጥ አደረገ። «እሰማሃለሁ። አፌ ነው የከበደኝ። ነገ ትቀጥልልኛለህ።»

«ትናንትም ነገ ነበር ያልከኝ። በሬው እኮ ኮረብታው ላይ እንደቆመ ነው። ብርድ ይገድለዋል።»

«የበሬ ቆዳ ወፍራም ነው፤ ይችለዋል» አለና ቦራ ዓይኑን መልሶ ከደነ።

ጫኔ ከጎኑ ተኛ። ከቦራ ሌላ የሚተርትለት ሰሚ አልነበረውም።

ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሸለቆው እንስሳ ሁሉ ብሳናው ሥር ይሰበሰብ ነበር። በጉም፣ ፍየሉም፣ ጥጃዋን ያስከተለች ላምም፣ ከዛፉ ላይ ዶሮዎቹም። ጫኔ ይተርታል፤ ሚስቱ ከፊት ተቀምጣ የመጀመሪያውን «ከዚያስ?» ትለዋለች። እሷ ስትጀምር ሌላው ይከተላል። ኋላ አገጯ ሥር አበጠባት፤ ከሳች፤ ሞተች። ከእሷ በፊትም ከእሷ በኋላም ብዙ ሞተ። ብሳናው ሥር የሚሰበሰበው ሳሳ። ጫኔም የመጀመሪያውን «ከዚያስ?» የሚለው ሲያጣ መተረቱን ተወ። ቦራ ብቻ እየመጣ ከጎኑ ይተኛል። ቦራ ከሄደ ጫኔ የሚያውቀው ተረት ሁሉ በሆዱ እንዳለ ይቀበራል።

በሽታው ከየት እንደመጣ ሁሉም ያውቃል፤ ወይም የሚያውቅ ይመስለዋል። ከሸለቆው በላይ፣ ድንጋያማው ተረተር ላይ፣ ንጹሕ ምንጭ አለ። ከምንጩ ከፍ ብሎ ደግሞ የጅቡ ዋሻ አለ። ጅቡ ውሃ የሚጠጣው ከዚያ ምንጭ ነው። ታዲያ ያ ምንጭ ጅብ ያየው ውሃ ነው ተባለ። ጅብ ያየውን ውሃ የጠጣ የጅቡ ዓይን ይገባበታል፣ ሆዱን ይበላዋል ተባለ። ስለዚህ ሁሉም ምንጩን ትቶ ከታች ከረግረጉ ኩሬ ይጠጣል፤ ኩሬው ዳር ያለውን ለምለም ሣር ይግጣል። ከኩሬው እየጠጡም ሲታመሙ፣ የጅቡ ዓይን ከላይ ሆኖ እስከ ኩሬው ይደርሳል ተባለ።

ይህን አስፍታ የምታስረዳው እመት ቀበሮ ናት። ቀበሮዋ ዓይን የሚመልስ ቅጠል አለኝ ትላለች። ቅጠሉን ከታመመው አንገት ታስራለች፤ ዶሮዎቹ እንቁላል ያመጡላታል። የታሰረለት ሲድን «ቅጠሉ ነው» ትላለች። ሲሞት «የጅቡ ዓይን ብርቱ ነበር» ትላለች። በቦራ አንገት ላይም የደረቀ ቅጠል ታስሯል።

ክረምቱ እንዳለፈ አንዲት ሽመላ ከሩቅ አገር መጣች። ረግረግ ለረግረግ የምትዞር ወፍ ናት። ከመጣችበት አገርም ይኸው በሽታ ነበር፤ እዚያ ያሉት ሊቃውንት መርምረው ምክንያቱን አግኝተውታል። ሽመላዋም ከእነሱ ተምራለች። የበጎቹን አገጭ ስታይ ወዲያው አወቀችው። ሁሉንም ብሳናው ሥር ሰብስባ ተናገረች። ስለ ጉበት ትል ተናገረች፤ ከእበት ጋር ስለሚወጣ እንቁላል፣ ስለ ኩሬው ቀንድ አውጣ፣ ሣሩ ላይ ስለሚጣበቀው ነገር፣ ስለ እርጥበቱና ስለ ሙቀቱ። የተናገረችው ሁሉ እውነት ነበር። በአንድ ትንፋሽ ጀምራ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው።

እንስሳቱ ጨዋዎች ናቸው፤ እንግዳ አያሳፍሩም። ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡ። እትዬ ፍየል ስለ ሁሉም ሆና እግዜር ይስጥልን፣ ደክመሽልናል አለቻት። ከዚያ ሁሉም ተነሥቶ ውሃ ሊጠጣ ወደ ኩሬው ወረደ።

ሽመላዋ ብቻዋን ቀረች። ራቅ ብሎ ደግሞ ጫኔ ብቻውን ቆሟል። ረጃጅም እግሮቿን እያነሣች ወደ እሱ መጣች።

«አያ ጫኔ፣ ምን አጠፋሁ? አንድም የጠየቀኝ የለም።»

«የት ላይ ይጠይቁሽ?» አላት ጫኔ። «መቼ አቆምሽ?»

ሽመላዋ ይህን አሰበችበት። ከዚያ የሸለቆውን ልማድ ጠየቀችው፤ እሱም በአጭሩ ነገራት። ታዲያ ነገሩን እርስዎ በተረት ቢነግሩልኝስ፣ እኔ እውነቱን እሰጥዎታለሁ፣ የሚቆምበትን ቦታ እርስዎ ያውቃሉ ብላ ለመነችው። ጫኔ አንገቱን ነቀነቀ። እኔ የምተርተው ለቦራ ብቻ ነው አላት።

«ቦራ እየሞተ ነው» አለችው።

ጫኔ ፊቱን አዞረ። ኩሬው ዳር የሚጠጡትን ሲያይ ቆየና፣ «እሱን የሚበላው ጅቡ ነው» አለ። «ባለቤቴንም የበላብኝ እሱ ነው። በዓይኑ።»

«ጠይቀውት ያውቃሉ?»

«ጅብ ይጠየቃል እንዴ?»

«እኔ ከላይ እየበረርኩ እጠብቅዎታለሁ። ለቦራ ሲሉ አንድ ጊዜ ይጠይቁት።»

ጅብ በቀትር ሰነፍ ነው። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ጫኔ ተረተሩን ጀመረ። ሽመላዋ ከላይ ትዞራለች። ምንጩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ዕድሜውን በሙሉ ከታች ሆኖ ነበር የሚያየው። ውሃው ከድንጋይ ሥር ይወጣል፤ ሳያርፍ ይወርዳል። ጭቃ የለበትም፤ እበት የለበትም። ሽመላዋ ወርዳ ድንጋዮቹን አገላብጣ አሳየችው። አንድም ቀንድ አውጣ የለም።

ከዋሻው አያ ጅቦ እያዛጋ ወጣ። አህያውን ሲያይ ዓይኑን አሸ፤ መልሶ አየ።

«አህያ በእግሩ መጣ» አለ። «እናቴ እንዲህ ያለ ቀን ይመጣልሃል ብላኝ ነበር፤ አላመንኳትም። አሁን ምን ያደርጋል፣ ከታች የሞተች በግ አግኝቼ ሆዴ ሞልቷል። ነገ መምጣት ትችላለህ?»

ጫኔ አልሳቀም። «አያ ጅቦ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። ከብቱን በዓይንህ ነው የምትበላው?»

«በምኔ?»

«በዓይንህ። እያየህ።»

ጅቡ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ብዙ አሰበ። ማሰብ ስለማይወድ ፊቱ ተጨማደደ። «በዓይኔ መብላት ብችል ኖሮ ጥርስ ምን ያደርግልኝ ነበር?» አለ በመጨረሻ። «ሌሊቱን ሙሉ ተራራ ለተራራ የምንከራተተው ለምን ይመስልሃል? እዚህ ተኝቼ እናንተን እያየሁ እጠግብ ነበር። እንደዚህ ያለ ዓይን የሚገኝበትን ብታውቅ ንገረኝ፤ ግማሹን ሥጋ ላንተ እሰጥሃለሁ።»

«እኔ ሥጋ አልበላም።»

«ይሻላል። ሁሉም ለእኔ ይሆናል።» ቀጥሎ ጅቡ ፊቱን አጨፈገገ፤ የቆየ ብሶት ትዝ አለው። «ከመጣህ አይቀር እኔም የምነግርህ አለኝ። የእናንተ አገር ጉበት ተበላሽቷል። ጉበት ለእኔ ነፍሴ ነው። ዘንድሮ ግን ከምበላው ሁሉ ጉበቱን ስነክሰው በውስጡ አንድ ነገር ይላወሳል፤ ጠፍጣፋ፣ ቅጠል የመሰለ። ተፋሁት። እኔ ጅቡ ጉበት ተፋሁ። ለማንም እንዳትነግርብኝ።»

በአፍንጫው ወደ አንድ ድንጋይ አመለከተ። ጫኔ ተጠግቶ አየ። የተተፋው ጉበት ጠጥሯል፤ መንገድ መንገድ ሆኖ ተበሳስቷል። በየመንገዱ ትናንሽ ጠፍጣፋ ትሎች ተጣጥፈው ተኝተዋል፤ የወይራ ቅጠል ያህል እንኳ አይሆኑም። ሽመላዋ አጠገቡ ቆመች። ብትናገር እሱ አይሰማትም ነበር።

ቁልቁል ሲወርድ ጅቡን ሊጠላው ሞከረ፤ አልሆነለትም። ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ ጠዋት ሲነሣ ወደ ተረተሩ አሻቅቦ ያይና ጅቡን ይጠላዋል። ያ ጥላቻ ሥራ ሆኖት ነበር፤ ጓደኛም ሆኖት ነበር። አሁን ጥላቻውም ተረተሩ ላይ ቀረ። ጫኔ ወደ ላይ ሲወጣ ከነበረው ይልቅ ሲወርድ ብቻውን ሆነ።

በዚያው ዕለት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብሳናው ሥር ሄዶ ቆመና ጮኸ። የጫኔን ድምፅ ከዚያ ዛፍ ሥር ከሰሙ ቆይተዋል። አንድ በአንድ መጡ። እመት ቀበሮም መጣች፤ ጅራቷን እግሯ ላይ አጥፋ ተቀመጠች። ሽመላዋ ከኋላ ቆመች።

«ለዓይን የማትታይ አንዲት መንገደኛ ነበረች» ብሎ ጀመረ ጫኔ። «እናቷ የምትኖረው በሰፊ ቤት ውስጥ ነው፤ በሞቀ ጓዳ። አንድ ቀን ገና በእንቁላሏ እንዳለች እናቷ ከበር ውጭ ወረወረቻት።»

ቆመ።

ማንም አልተናገረም። ሁሉም ከፊት ያለውን ባዶ ቦታ ያያል። ሚስቱ ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ነው። እዚያ ላይ ማንም አልተቀመጠበትም። የመጀመሪያውን «ከዚያስ?» ከእሷ ቀምቶ መናገር ሁሉንም አሳፈረው። ነፋስ የብሳናውን ቅጠል አንኮሻኮሸው። ጫኔ መሬት መሬት ያያል።

«አያ ጫኔ የጨረሱ መሰለኝ» አለች ቀበሮዋ በለሰለሰ ድምፅ። «አጭር ነው፤ ግን ያምራል። እንሂድ።»

አንዳንዱ ሊነሣ ተንቀሳቀሰ። በዚህ ጊዜ ከወደ ኋላ የሚጎተት ኮቴ ተሰማ። ቦራ ነው። ከተኛበት ተነሥቶ፣ እያረፈ፣ እየወደቀ መጥቷል። ማንንም ሳያይ በበጎቹ መካከል አልፎ ከፊት ባለው ባዶ ቦታ ተንበረከከ።

«ከዚያስ?» አለ።

ጫኔ ቀና አለ። «ከዚያማ እበት ላይ ወደቀች። ዝናብ መጣ። እበቱን አጥቦ ኩሬ ውስጥ ከተተው።»

«ከዚያስ?» አለ ቦራ፤ ከኋላው አንዲት በግም አብራ አለች።

እንቁላሉ ውሃው ውስጥ ተፈለፈለ አላቸው። መንገደኛዋ እግር የላትም፤ ስንቅም የላትም። ፀሐይ ሳትጠልቅባት ማደሪያ ካላገኘች ትሞታለች። ትዋኛለች፣ ትዋኛለች፤ በሩ የተከፈተ ቤት የለም። በመጨረሻ አንድ ቤት አገኘች። ባለቤቱ ቤቱን በጀርባው ተሸክሞ የሚዞር ነው።

«ቀንድ አውጣ ነው» አለች በጊቱ፤ ሁሉም ሳቀባት። ሳቅ ብሳናው ሥር ከተሰማ ረጅም ጊዜ ሆኖታል።

«ከዚያስ?»

«እሱም ደግ ነው፤ አስገባት። አንድ ሆና ገባች፤ ብዙ ሆና ወጣች።»

«ከዚያስ?» አሁን ሁሉም ነው የሚለው። ከዛፉ ላይ ዶሮዎቹም።

«ሲወጡ ውሃ ሰልችቷቸዋል። ኩሬው ዳር ለምለም ሣር አለ። ሣሩ ላይ ወጡ፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቁጭ አሉ። የሚመጣ አለና ይጠብቃሉ።»

ጫኔ እዚህ ላይ ከልማዱ በላይ ረጅም ዝም አለ። እትዬ ፍየል ስታመሰኳ ነበር፤ አቆመች። አፏ ውስጥ ያለውን ትዋጠው ትትፋው አላወቀችም። ላሟም አቆመች። የሚያመሰኳ ሁሉ አቆመ። ብሳናው ሥር አንድም መንጋጋ አይንቀሳቀስም።

«ከዚያስ?» አለች ፍየሏ ቀስ ብላ።

«ከዚያማ ሰፊ ቤት ገቡ። የሞቀ ጓዳ አገኙ። ጉበት ይሉታል። እየበሉት ይኖሩበታል። እነሱም በተራቸው እናት ሆኑ፤ እንቁላላቸውን ከበር ውጭ ወረወሩ።»

ማንም «ከዚያስ?» አላለም። የሚጠይቁት ነገር አልቀረም።

«እበት ላይ ወደቀ» አለች በጊቱ ራሷ።

«ዝናብ መጣ» አለች ላሟ።

ቀበሮዋ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባት። «ይቅርታ ያድርጉልኝ አያ ጫኔ፣ ጅቡስ?» አለች። «ጅቡ የት ላይ ነው የሚገባው? ይህን ሁሉ ሕዝብ የፈጀው እሱ ሆኖ ሳለ የእርስዎ ተረት ረሳው እኮ።»

ሁሉም ወደ ጫኔ ዞረ። እነሱም ጅቡን ሲጠብቁ ነበር።

«እኔም ፈልጌው ነበር» አላት ጫኔ። «ከየትኛው ቤት እንደማስገባው አጣሁ።»

ቀበሮዋ ግን አልተወችም። ይህ አህያ ከኩሬው አስወጥቶ ወደ ጅቡ አፍ ሊነዳችሁ ነው፣ ዛሬ ቀትር ላይ ከጅቡ ጋር ሲጫወት አይቼዋለሁ አለቻቸው። ይህ እውነት ስለነበር አስደነገጣቸው። ጫኔም አልካደም። ሄጄ ጠይቄዋለሁ አለ። ጅብ ጅብ ነው፤ ጥርሱ አልጠፋም። ግን ቀትር ላይ ሁላችን ቀንዳችንን ይዘን አንድ ላይ ብንወጣ አይነካንም፤ ከኩሬው ዳር ሣር ግን ቀንድ አያድንም። ነገ እወጣለሁ፤ መጀመሪያ እኔ እጠጣለሁ፤ ጅቡም እያየኝ እጠጣለሁ አላቸው። የነገራቸው ይህን ብቻ ነው።

ሊበተኑ ሲሉ እትዬ ፍየል ተመለሰች። «ያ ተረት ግን መጨረሻ የለውም እንዴ? ዞሮ ዞሮ ያው ነው።»

«መጨረሻው በእናንተ እጅ ነው። መንገደኛዋ ወደ ኩሬው ዳር የሚመጣ በላተኛ ካጣች እዚያው ሣሩ ላይ ትደርቃለች።»

በማግስቱ ጫኔ ወጣ። ቦራን በትከሻው ደግፎ፣ እየገፋ፣ እያሳረፈ ነው የወጣው። ከኋላው ማን እንደሚከተል ዞር ብሎ ለማየት ፈራ። ምንጩ ጋ ሲደርስ ጅቡ ዋሻው አፍ ላይ ተጋድሞ በአንድ ዓይኑ ያየዋል። ጫኔ አፉን ውሃው ላይ አደረገ። ቀዝቃዛ ነበር። ጠጥቶ ቀና ሲል ከኋላው ድንጋይ ሲንከባለል ሰማ፤ እትዬ ፍየል ናት። ከፍየሏ ኋላ በጎቹ፣ ከበጎቹ ኋላ ላሟ ከነጥጃዋ። ጅቡ ያን ሁሉ ቀንድ ሲያይ ምራቁን ዋጠ። ጉበታቸው የሚሻላቸው መቼ እንደሆነ ብቻ ጠየቀና መልስ ሳያገኝ ወደ ዋሻው ተመለሰ።

ቦራም ጠጣ። ብዙ ጠጣ። «ይጣፍጣል» አለ። «ለካ ጅቡ ሲያይብን የነበረው ይህን ነው።»

ከዚያ ወዲያ ወደ ኩሬው የሚወርድ የለም። ሣሩንም ከደረቁ ተረተር ላይ መጋጥ ለመዱ። ልጆቻቸው ይህን ተረት ከወተት ጋር ይጠጡታል፤ ለምለም ሣር ሲያዩ «መንገደኛዋ ተቀምጣበታለች» ይባባላሉ። በቀጣዩ ዓመት የተወለዱት ግልገሎች አገጫቸው ደረቅ ነበር። እመት ቀበሮ ወደ ምንጩ በሚያወጣው መንገድ ዳር ተቀምጣ ታየች፤ እንቅፋት የሚመልስ ቅጠል አግኝታለች። ዶሮዎቹ አሁንም አንዳንድ እንቁላል ያመጡላታል።

ሽመላዋ ከመሄዷ በፊት ጫኔን ተሰናበተችው። አመሰገነችው። ቦራንስ ብሎ ጠየቃት። ልትዋሸው ትችል ነበር፤ አልዋሸችውም። ንጹሕ ውሃ አዲስ እንግዳ እንዳይገባ ይከለክላል እንጂ የተበላ ጉበት አይመልስም አለችው። ነገሩ ቀደም ብሎ ቢነገር ኖሮ ይድን ነበር አለችው። ከዚያ ክንፏን ዘርግታ ሄደች። ሌላ ረግረግ፣ ሌላ ሸለቆ አለባት። እዚያ ስትደርስ ግን መጀመሪያ የምትፈልገው ተራቻቸውን ነው።

ብሳናው ሥር መሰብሰቡ እንደገና ተጀመረ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጫኔን ይጠሩታል፤ እሱም ይተርታል። «ከዚያስ?» የሚለው ብዙ ነው። ጫኔ ግን ቶሎ ይጨርስና ከመሐላቸው ወጥቶ ይሄዳል። ነፋስ የሚያድርበትን ቤት ሊፈልግ ስለወጣው በሬ ንገረን ይሉታል። እሱን አልነግራችሁም፣ የሰው ነው ይላቸዋል። ቀትር ላይ ብቻውን ተረተሩን ይወጣል። ምንጩ ዳር ቆሞ አፉ ሲንቀሳቀስ ጅቡ ከዋሻው ያየዋል፤ ለማን እንደሚናገር ግን አልገባውም።

እዚያ ምንጭ ዳር ነበር ቦራ የተኛው። ያን ቀን ወደ ላይ ከወጣ በኋላ መውረድ አቅቶት ጫኔ አብሮት ዋለ፤ አብሮት ከረመ። ጅቡም የተበላሸ ጉበት አልፈልግም ብሎ አልነካቸውም። በአንገቱ ያለውን የደረቀ ቅጠል ጫኔ በጥርሱ በጠሰለት። በመጨረሻው ቀን ቦራ ጆሮውን አነሣ። በሬው ኮረብታው ላይ አሁንም እንደቆመ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። እንደቆመ ነው አለው ጫኔ። እንግዲያው አውርደው አለው።

ጫኔ ተረቱን ሊያሳጥረው ይችል ነበር፤ አላሳጠረውም። ማሳጠሩ ቦራ እንደሚሞት ማመን ይሆንበታል። ከቆመበት አነሣው።

«በሬው ከኮረብታው ወረደ» አለ። «ከታች ዋሻ አለ። ነፋሱ ዋሻው ውስጥ ተኝቷል፤ ጅራቱን ጠቅልሎ፣ እንደ ጥጃ። በሬው እንዳይቀሰቅሰው ፈራና ትንፋሹን ያዘ።»

ቆመ። ጠበቀ። ውሃው ከድንጋዩ ሥር እየወጣ ይወርዳል። ቦራ ዓይኑን አልገለጠም። ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ በኋላ ለማንም የተናገረው ነገር የለም፤ ለጫኔ የተናገረው የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው።

«ከዚያስ?» አለው።

ከዚህ የምንማረው፣ እውነቱን የሚያውቅ ለሰሚው በለመደው አነጋገር፣ እየቆመና እያስጠየቀ፣ ደግሞም ጊዜው ሳያልፍ ካልነገረው፣ እውቀቱ እውነት ሆኖ ሳለ ማንንም ሳያድን እንደሚቀር ነው።